የጊታሬን ጩኸት ሳሳድድ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ኤሌክትሪክ ጊታራችሁን ስትሰኩ «እምምም» ወይም «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አልለቃችሁ ካለ፣ ለማጥፋት ብላችሁ የኧርዙን መስመር (ወደ መሬት የሚወርደውን የደኅንነት ሽቦ) እንዳትቆርጡ፤ ኧርዝ የሌለው ማከፋፈያም በመሃል እንዳታስገቡ። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይህቺን ያዙልኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። እኔ የተማርኩት በከንፈሬ ነው።

ጎንደር ያደገ ልጅ ጆሮው የሚሟሸው በማሲንቆ ነው፤ የእኔም እንደዚያው። ትዝታውንም ባቲውንም በጓደኛዬ ቦክስ ጊታር ላይ እየለቃቀምኩ ቆይቼ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜና እሁድ ለሚጫወት ባንድ ሊድ ጊታር ሲፈልግ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የዞርኩት። ከአዲስ አበባ ከመጣ ልጅ ላይ ያገለገለ፣ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ጊታርና አንድ መካከለኛ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ሁለቱን በባጃጅ ጭኜ ማራኪ ወደተከራየኋት ክፍል ስገባ ሙሽራ ይዤ የምገባ ነበር የምመስለው።

ሰካሁት። ገና ክር ሳልነካ ክፍሉ «እምምምም» አለ። ጆሮዬን ቀፎ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ። ድምፁን ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል፤ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ስከፍትማ ቀፎው የተነካ ያህል ተነሣብኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ ገንዘብ ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ክር ቀየርኩ። ክር ከዚህ ጩኸት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ አዲሱ ክር አብረቀረቀ፣ ጩኸቱም ባለበት ቀጠለ። ቀጥሎ ገመድ አሠራሁ። ሠሪው ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበትን የስፒከር ገመድ ቆርጦ በሁለቱ ጫፍ ጃክ በየደልኝና ሰጠኝ። ስሰካው ጩኸቱ በእጥፍ አደገ። ያኔ አላወቅኩም እንጂ የጊታር ገመድ እንደዚያ አይደለም፤ መሃል ላይ አንድ ሽቦ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሽቦ መረብ ይከበዋል። ከአየሩ የሚመጣውን ረብሻ የሚመክተው ያ መረብ ነው። ገመድ ስትገዙ ወይም ስታሠሩ የጃኩን ቆብ አስፈትታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ሹሩባው ከሌለ ይቅርባችሁ፣ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተቴ ጊታሩን ቴሌቪዥን ለሚጠግን ባለሙያ መስጠቴ ነው። ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ነው፤ ጊታር ግን ከፍቶ አያውቅም፤ እኔም ምን እንዲያይልኝ እንደምፈልግ አላወቅኩም። የክሩን ንዝረት የሚሰማውን ክፍል፣ ፒክአፑን፣ ነቅሎ ጠራርጎ መለሰው። ሲመለስ ጩኸቱ ላይ አዲስ ጠባይ ተጨምሮበት መጣ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ለብዙ ጊዜ ሁለት በሽታ ይዤ አንድ መስሎኝ ነው የተንከራተትኩት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ማታ ላይ ነው። ክፍሌ ከአከራዬ ሳሎን ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ጊታሩን አቅፌ ሳልጫወት እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ «ቀጭ» አለ፤ በዚያው ቅጽበት የጊታሩ ጩኸት ትንሽ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «ቀጭ»፤ ጩኸቱ ተመልሶ ወጣ። ተነሥቼ ሄጄ አንኳኳሁ። «እማማ፣ እዚህ ግድግዳው ጋ ምን አለ?» አልኳቸው። «ምን ይኖራል ልጄ፣ ፍሪጄ ነዋ!» አሉኝ። ከፍሪጁ ጎን መሬት ላይ ስታቢላይዘር ተቀምጧል። ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ያቺ ሣጥን ናት «ቀጭ» የምትለው።

ስታቢላይዘር ውስጡ ትራንስፎርመር ነው። መብራታችን 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ትራንስፎርመሩ ዙሪያ የማግኔት መስክ በዚያው ልክ ይመላለሳል። የጊታር ፒክአፕ ደግሞ ማግኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት ለመስማት ተብሎ የተሠራ ይሁን እንጂ፣ ክር ይሁን ትራንስፎርመር አይመርጥም፤ የሚመላለስ ማግኔት ካገኘ ይሰማል። የብሎኬት ግድግዳም አያግደውም። እኔ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ጊታሬ ከዚያች ሣጥን የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ጊታሩን እንደያዝኩ ቀስ ብዬ ዞርኩ። አንድ አቅጣጫ ላይ ጩኸቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ትንሽ አለፍ ስል ተመልሶ ይመጣል። እናንተም የመጀመሪያ ምርመራችሁ ይሁን፤ ሳንቲም አያስወጣም። ስትዞሩ የሚቀያየር ከሆነ ከአየር የሚገባ የማግኔት ረብሻ ነው፤ ራቁት፣ ወይም ጎናችሁን ስጡት። ከራሳችሁ አምፕም ቢሆን ራቅ በሉ፤ እሱም ውስጡ ትራንስፎርመር አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ስለሚጠቅም። ይህ ጩኸት የእኛ መንደር ችግር ብቻ አይደለም፤ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ያለበት ሁሉ ነበረበት። ጊብሰን የተባለ የጊታር ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ መፍትሔ ሆኖ መጣ። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የአንዱ አጠማጠምም የማግኔቱ ዋልታም ከሌላው የተገላቢጦሽ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጩኸት በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ገብቶ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ስሙም ጩኸት ገፊ እንደማለት ነው። የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ጊታሮች የመሃሉ ፒክአፕ የተገለበጠ ስለሆነ የፒክአፕ መምረጫውን ሁለተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ ስታደርጉት ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ሆነው እንደ ሃምበከር ይሠራሉ። የእኔ እዚያ ቦታ ላይ ጸጥ ይል ነበር፤ ስንት ወር ይዤው ልብ አላልኩትም!

አሁን ወደዚያኛው በሽታ። ስታቢላይዘሩን ሸሽቼም ከበስተኋላ «ዝዝዝ» የሚል ሾል ያለ ድምፅ ቀረኝ። እምም የሚለው ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፤ ዝዝ የሚለው ቀጭን፣ እንደ ዝንብ። ሁለቱን በጆሮ መለየት ከግማሽ በላይ መንገድ ነው። ጊታረኛ ስለሆናችሁ መለኪያው እጃችሁ ላይ አለ። ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ነው፤ የመብራት ጩኸት ደግሞ 50 እና እጥፉ 100 ኸርዝ ላይ ስለሚያርፍ ከዚያ ጂ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። (በዚህም ምክንያት ባንዳችን በጂ ሲጫወት ጩኸቱ ሙዚቃው ውስጥ ይደበቃል። ዘፋኛችን ጉሮሮዋን አሟት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያልን ቀን ግን እግዜር ያሳያችሁ።)

ዝዝ የሚለውን ያጋለጠው ጣቴ ነው። ደህና ጊታር ላይ ክሩን ስትነኩ ዝዝታው ይቀንሳል፤ ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት፣ በብሪጁ፣ በኩል ከኧርዝ ጋር በሽቦ ስለተያያዙ ሰውነታችሁ የሰበሰበውን ረብሻ ወደዚያ ይለቁታል። የእኔ ጊታር ላይ ክር ብነካ ባልነካ ለውጥ የለም። ከፍቼ ሳየው ከብሪጁ ሥር የምትመጣው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ በአየር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጠጋኙ ሲነቅል ያላያት። በካውያ ከቮልዩሙ ጀርባ ላይ መልሼ በየድኳት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አገላብጣችሁ ያዙት፤ ክር ስትነኩ ጩኸቱ ከባሰበት ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረው ሊሆን ይችላል።

በዚያው ልክፍት ይዞኝ የጊታሩን ሆድ በኩሽና አሉሚኒየም ፎይል ለበጥኩት። አሉሚኒየም በካውያ ስለማይበየድ ከኧርዙ ጋር በብሎን ነው ያገናኘሁት፤ ድምፁን የሚወስደው ሽቦ ፎይሉን ከነካ ድምፁ ጭራሽ ስለሚጠፋ እዚያ እዚያ ቴፕ ለጠፍኩ። ዝዝታው በግልጽ ቀነሰ። እምምታው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ቀጭን ፎይል የስታቢላይዘርን ማግኔት አይመክትም። እንዲህ ያለውን ሥራ ሠርታችሁ «አልጠቀመኝም» ከማለታችሁ በፊት የትኛውን ጩኸት ልታጠፉ እንደነበር ጠይቁ።

ጊታሬ ቤት ውስጥ ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ሆቴሉ መድረክ ላይ ሰካሁት፤ እምምምም! ያውም በሞንታርቦ።

አሁን ግን መጠየቅ ተምሬያለሁ። ወንበሬን ያዞርኩትን ያህል መድረኩ ላይ ዞርኩ፤ ለውጥ የለም። የጊታሩን ቮልዩም ዘጋሁ፤ ለውጥ የለም። ጊታሩን ነቀልኩ፤ ያው ነው። ከአምፔ ጀርባ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ገመድ ስነቅለው ሞንታርቦው ጭጭ አለ። በአምፔና በሚክሰሩ መካከል ነው ነገሩ።

ምክንያቱን ያኔ ባውቅ ኖሮ ከንፈሬ ይተርፍ ነበር። አምፔ የተሰካው መድረኩ ጥግ ባለው ሶኬት ላይ ነው፤ ሚክሰሩ ደግሞ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ። ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ከኧርዝ ጋር ተያይዘዋል፤ እኔ ደግሞ በድምፅ ገመዱ መረብ ሁለቱን እንደገና አገናኘኋቸው። ትልቅ ቀለበት ተፈጠረ። ሁለቱ ኧርዞች እኩል ስላልነበሩ በመረቡ ላይ የ50 ኸርዝ ኩረንት ይጓዛል፤ ሚክሰሩም እንደ ሙዚቃ ይሰማዋል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህን ነው።

ቤዝ የሚጫወቱት ጋሼ ከእኔ ሠላሳ ዓመት የሚበልጥ መድረክ አላቸው። ጩኸቱን ሰምተው «ይኼ ምን ያስቸግራል ልጄ» ብለው ከሻንጣቸው ባለ ሁለት ሽቦ ማከፋፈያ አወጡ። የአምፔ መሰኪያ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት የብረት ምላሶች ኧርዝ ናቸው፤ ያቺ ማከፋፈያ ደግሞ እነሱን የሚቀበል ነገር የላትም። በእሷ በኩል ስሰካ ቀለበቱ ተቆረጠ፤ ጩኸቱ እንደ ተአምር ጠፋ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ሁለት ሳምንት ጸጥ ብሎ ተሠራ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ቤቱ ሞልቷል፣ ሰዉ እስክስታ ላይ ነው። ዘፋኟን ልቀበል ወደ ማይኩ ጠጋ ስል ከንፈሬ ወንፊቱን ነካ። ጥርሴ ውስጥ መብረቅ የገባ መሰለኝ። ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ግራ እጄ ክሩን እንደያዘ ጭምድድ ብሎ ቀረ። ሰዉ ጭፈራ መስሎት አጨበጨበ። ከበሮ መቺያችን ፊቴን አይቶ ነው ማከፋፈያውን የነቀለው።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። የሜትሩን አንዱን ጫፍ ክሬ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ወንፊት ላይ አስነካ፤ 112 ቮልት አነበበ። «ሁለት ሳምንት ምንም አልሆንኩም እኮ!» ስለው ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ገመድ ጃክ ፈታው። መረቡ ተቆርጧል። አያችሁ፣ የአምፑ ኧርዝ ከተወሰደ በኋላ ብረቱን ከኧርዝ ጋር ይዞት የነበረው ያ የድምፅ ገመድ መረብ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ እሱም ተበጠሰ። ያኔ በአምፑ መግቢያ ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች የመብራቱን ግማሽ ያህል ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ክሮቼ አወጡት። ማይኩ ደግሞ በሚክሰሩ በኩል ኧርዝ ነው። በመካከላቸው ሽቦ የሆንኩት እኔ ነኝ።

«በካፓሲተር የሚያልፈው ኩረንት ትንሽ ስለሆነ ነው የነዘረህ» አለኝ። «ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ሙሉውን 220 ነበር የምታገኘው። ኧርዙ ቢኖር ብሬከሩ ይዘል ነበር። ኧርዝ ከሌለ ግን ብሬከሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ አንተን ይጠብቃል።» ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ፣ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታረኛ ሌስሊ ሃርቪ ኧርዙ ያልተስተካከለ ማይክ ነክቶ በሰው ፊት መድረክ ላይ ሞቷል።

ጋሼን ሄጄ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡኝ ቆይተው ማከፋፈያዋን አውጥተው በመቀስ ቆረጧት። «በዚህች ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ታዲያ ኧርዙን ሳይነኩ ቀለበቱን እንዴት ይቆርጡታል? እኔ ጋ የሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ ቀላሉን፦ አምፑንም፣ ሚክሰሩንም፣ ኪቦርዱንም ከአንድ ሶኬት፣ ኧርዝ ባለው ጥሩ ማከፋፈያ ቀጠልን። ረጅም ሽቦ መግዛት ነበረብን እንጂ ጩኸቱ ወዲያው በጣም ወረደ። የባንድ መሣሪያ ይህን ያህል መብራት አይበላም፤ የሻይ ቤቱን ማፍያ ግን ከዚያው ላይ እንዳትሰኩ። የቀረችውን ጩኸት ያጠፋልን ደግሞ ያለ ምንም ወጪ፣ ከአምፔ ወደ ሚክሰር የሚሄደውን ገመድ ጨርሼ መተው ነበር። በምትኩ አምፔ ስፒከር ፊት ማይክ አቆምኩ። አምፑና ሚክሰሩ በሽቦ ካልተገናኙ ቀለበት ከየት ይመጣል? ድምፁም ከበፊቱ አማረ፤ የጊታር ስፒከር በማይክ ሲያዝ ሌላ ነው።

በኋላ ከአዲስ አበባ ከሚመላለስ ጓደኛዬ ጋር ዲአይ ቦክስ (በመሣሪያውና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ሣጥን) አስመጣሁ። ስትገዙ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለበትንና ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ያለውን ምረጡ። ያ ማብሪያ የሚቆርጠው የድምፅ ገመዱን መረብ ነው፤ የመብራቱን ኧርዝ አይነካም። የድምፁን መረብ በአንድ በኩል መቁረጥ ይቻላል፤ የመብራቱን ኧርዝ ግን በጭራሽ።

ያ ጎረቤቴ ሆቴሉን ሲመረምር ደግሞ ጉድ ነው ያገኘው። ቤቱ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ግንብ ላይ አዲስ ቅጥያ የተጨመረበት ነው። መድረኩ ከአሮጌው፣ ሚክሰሩ ከአዲሱ መስመር ይቀጥላሉ፤ እያንዳንዱ መሬት ውስጥ የራሱ የኧርዝ ዘንግ አለው፤ ሁለቱን ያገናኘ የለም። ከበሮው ጋ ያለው ሦስተኛው ሶኬት የብረት ምላሶች አሉት፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም፤ ለጌጥ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ አንገራገሩ፤ የከንፈሬን ቁስል ሳሳያቸው ፈቀዱ። ሁለቱ ዘንጎች በወፍራም ሽቦ ተያያዙ፤ አሮጌው ዘንግ ዙሪያ ተቆፍሮ ከሰልና ጨው ተሞላበት፣ ውሃ ጠጣ። በጋ ላይ መሬቱ ሲደርቅ ኧርዝ ይደክማል፤ ክረምት ላይ ያልጮኸ ቤት የካቲት ላይ ቢጮህ አይግረማችሁ።

ሶኬት ላይ ኧርዝ መኖሩን በቴስተር ዊንች ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ፌዙን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ሜትር ያለው ሰው ይለካላችሁ፦ በፌዝና በኧርዝ መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ደግሞ ዜሮ ሊባል የሚችል። እኛ ከበሮው ጋ ስንለካ ሰማንያም ዘጠናም እያለ ይዋዥቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ ኧርዙ የለም ማለት ነው፤ አትስኩ።

ስለ ትንንሾቹ ጩኸቶች ባጭሩ። የመድረክ መብራታችን ብርሃን መቀነሻ አለው፤ ብርሃኑ ሙሉ ሲሆን ጸጥ፣ ወደ ግማሽ ሲወርድ «ዝርርር»። መቀነሻው መብራቱን በሰከንድ መቶ ጊዜ እየቆረጠ ስለሚለቀው ነው። የመብራቱን ሽቦ ከድምፅ ገመዱ አራቅን፤ መሻገር ግድ ሲሆን መስቀል ሠርቶ እንዲሻገር አደረግን፣ ጎን ለጎን አናስተኛውም። «ትትት ትትትት» የሚለው ደግሞ ስልካችሁ ነው፤ አምፕ ላይ አታስቀምጡት። ላፕቶፕ ከሚክሰር ጋር አገናኝታችሁ ቢጮህ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት።

ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ መቀየሪያ) ላይ ያጠፋሁት አንድ ነገር አለ፤ እናንተ አታጥፉት። ቁጥሩ 9 ቮልት ስለሚል ብቻ የዋይፋይ አዳፕተር ሰካሁበት። የዋይፋዩ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ አብዛኛው የጊታር ፔዳል ደግሞ መሃሉ ኔጌቲቭ ይፈልጋል። ፔዳሌ ያቺኑ ቀን ሞተች። መሰኪያው ጎን ያለችውን የክብ ሥዕል ሳታዩ አትስኩ። ፔዳላችሁ የሚጮህ ከመሰላችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አግቡበት፤ በባትሪ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው፣ ፔዳሉን አትውቀሱ። ምንም ሳይሰካበት፣ ቮልዩሙ ወርዶም የሚያጉረመርም አምፕ ግን ችግሩ ውስጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጀ የማጣሪያ ካፓሲተር። ራሳችሁ አትክፈቱት። በተለይ ባለ ቱቦ አምፕ ከተነቀለም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል።

ባለፈው ጥር አዘዞ ሠርግ ላይ ስንሠራ፣ አብሮን የነበረ አዝማሪ ማሲንቆው ሥር ትንሽ ፒክአፕ ለጥፎ መጣ። ስንሰካው የማሲንቆው ድምፅ ከዝዝታው አልለይ አለ፤ ሰው እየጠበቀ ነው፣ በሬው ታርዷል። ድሮ ቢሆን ሁሉንም አንድ ላይ እነካካ ነበር። አሁን ሁሉን ነቀልኩና አንድ በአንድ መለስኩ። ሚክሰሩ ብቻውን፣ ጸጥ። ገመዱ ሲጨመር፣ ጸጥ። ማሲንቆው ሲጨመር፣ ዝዝዝ። አዙረው አልኩት፤ አይቀየርም። ጃኩን በጣትህ ያዝ አልኩት፤ ቀነሰ። የእሱ ፒክአፕ ማግኔት የለውም፣ ንዝረት የሚይዝ ስስ ሳንቲም ነው፤ ከሳንቲሟ ወደ ጃኩ የምትሄደው ግን ሹሩባ የሌላት ራቁት ሽቦ ናት። ከሙሽሮቹ ስጦታ መጠቅለያ ላይ ፎይል ቀደን፣ ሽቦዋን በቴፕ ከሸፈንን በኋላ ጠቀለልንባትና የፎይሉን ጫፍ ከጃኩ ኧርዝ ጋር አሠርነው። ጸጥ አለ። «ግጥም ስጠኝ እንጂ ፎይል ትሰጠኛለህ?» ብሎኝ ወደ ሥራው ገባ፤ ማምሻውን ስሜን ከስታቢላይዘር ጋር አጋጥሞ አወጣው፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ማራኪ ያለው ክፍሌ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ፍሪጁ የእማማ ነው፣ ስታቢላይዘሩን አንሡልኝ አልላቸውም። ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጌያለሁ፤ የወንበሬን አራት እግር እዚያ ላይ ሳሳርፍ ጊታሩ ዝም ይላል፣ ፊቴ ግን ጥግ ላይ ላለው ግድግዳ ይሆናል። እማማ ቡና ሊጠሩኝ ብቅ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «ምን በደለህ ልጄ፣ ጀርባህን ሰጥተህ የምትቀመጠው?» ይሉኛል።